ለከሰዓቱ ባል የቀረበ ውዳሴ

የድሬዳዋን ወንድ «ራሱን ለማሻሻል አይተጋም» ብሎ የሚያማ ሰው ከቀትር በኋላ በስምንትና በአሥራ ሁለት ሰዓት መካከል ከተማዋን አያውቃትም። ፀሐይዋ አስፋልቱን ስታነደው፣ ባለ ሱቁ በሩን ዘግቶ ሲገባ፣ ባለ ባጃጁም ጥላ ፈልጎ ሲቆም፣ ከከዚራ እስከ ገንደ ቆሬ ባሉት፣ ሰው ተሰብስቦ ጫት በሚቅምባቸው የበርጫ ክፍሎች ውስጥ ግን ከባድ ሥራ ይሠራል፤ ትዳር ይታደሳል፣ ጠባይ ይታረማል፣ ቁጣ ይወገዛል፣ ቁጠባ ይጀመራል። ሌላው ዓለም ራሱን ለመለወጥ መጽሐፍ ይገዛል፣ ሥልጠና ይገባል፣ በማለዳ ተነሥቶ ይሮጣል። የእኛ ሰው ይህን ሁሉ ድካም አስቀርቶ፣ ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ፣ ክንዱን ትራስ ላይ እንዳስደገፈ ሌላ ሰው ሆኖ ይውላል። ይህን የመሰለ ችሎታ እስከ ዛሬ አመስጋኝ ማጣቱ ያስቆጫል።

እስኪ ወደ አንዱ ክፍል እንግባ። ጫማው በር ላይ ተደርድሯል፤ መሀል ላይ የውኃ ጆግ፣ ለውዝ በሳህንና የሻይ ፔርሙዝ ተቀምጠዋል፤ ገራባው፣ ማለትም የማይቃመው የጫት ትራፊ፣ ጥግ ይዞ መከመር ጀምሯል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ወሬው ኳስና የኑሮ ውድነት ነበር። ከዚያ የጫቱ ሞቅታ፣ ምርቃናው፣ ሲገባ ድምፅ ሁሉ ዝቅ አለና አንዱ አባወራ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አቦ፣ እኔ እኮ ሚስቴን በድያታለሁ» አለ። ማንም አልሳቀም። እስክሪብቶ ተፈለገ፤ የሲጋራ ፓኮ ተቀደደና በውስጠኛው ነጭ ገጽ ላይ የአዲሱ ሕይወት እቅድ ሰፈረበት። ከነገ ጀምሮ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው እሱ ነው፤ ደመወዙ ሳይሸራረፍ እጇ ይገባል፤ በየሳምንቱ ሳቢያን ወጥተው ጭማቂ ይጠጣሉ፤ ስትናገር አያቋርጣትም። «አያቋርጣትም» የሚለው ሁለት ጊዜ ተሰመረበት። አጠገቡ የነበረው ወዳጁ እንባ አቀረረ፤ ሌላው ደግሞ «ወላሂ አንተ ትልቅ ሰው ነህ» ሲል መሰከረ። ይህን ሁሉ ንስሐ ሳትሰማ የቀረች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ እሷም በዚያ ሰዓት ከታይዋን ገበያ የአምስት ሊትር ዘይት አንጠልጥላ ባጃጅ ትጠብቅ ነበር።

በእቅዱ ውስጥ ያልተካተተ ነገር ቢኖር በዚያ ከሰዓት ለጫቱ፣ ለለውዙና ለለስላሳው የወጣው ገንዘብ ነው። ይህ ግን የቁጠባ ሐሳብ ለማፍለቅ የወጣ የምርምር ወጪ ስለሆነ በቤተሰብ በጀት ላይ ሊታሰብ አይገባም።

እቅዱ በማግሥቱ አለመፈጸሙን እንደ ነውር የሚቆጥሩ ሚስቶች አሉ። እነዚህ ሚስቶች የቅጠሉን ጠባይ አልተረዱም። ጫት ከአወዳይ ተነሥቶ፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ እንደዚያ በጥድፊያ የሚጓዘው በከንቱ አይደለም፤ ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካቲኖን የሚባለው፣ ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ደካማ ዓይነት ስለሚለወጥ፣ የሰነበተ ጫት ገዢ ያጣል። ቅጠሉ ራሱ የማይሰነብት ከሆነ በእሱ ላይ የተመሠረተው ቃል ኪዳን እንዲሰነብት መጠበቅ በባል ላይ የሚፈጸም ግፍ ነው።

በእርግጥ ሚስት የምትኖረው ከአንድ ባል ጋር ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀልላት ነበር። ጠዋት የሚነሣው የሐራራው፣ የጫት አምሮት የሚያነጫንጨው ባል ነው፤ ካልሲው የጠፋው በእሷ ምክንያት ነው፣ ሻዩ የቀዘቀዘው በእሷ ምክንያት ነው፣ ሙቀቱም ቢሆን የእሷ እጅ ሳይኖርበት አይቀርም። ከሰዓት በኋላ ያ ደጉ፣ አሳቢው፣ አርቆ ተመልካቹ ባል ይመጣል፤ ነገር ግን የሚመጣው ወደ በርጫ ቤት እንጂ ወደ እሷ አይደለም። ማታ ደግሞ ሦስተኛው ይገባል፤ እሱ አይናገርም፣ አይበላም፣ አይተኛም፤ ጣሪያውን ብቻ ያያል፤ ጨብሲ፣ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው መጠጥ፣ ካለም ጭራሽ አይገባም። ለድሬዳዋ የሚሠራው በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ላይ ጋብቻ መፈጸምን ይከለክላል፤ አንዲት ሴት በአንድ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ሦስት ባል ስታስተዳድር ግን ዝም ብሎ ያያል። ይኸው ሕግ ተጋቢዎች እንዲከባበሩና እንዲደጋገፉ ግዴታ ጥሏል። ወንዶቻችን ይህን ግዴታ ሳይወጡ የዋሉበት ከሰዓት የለም፤ እርስ በርሳቸው እየተከባበሩና በአንድ ትራስ እየተደጋገፉ ነው የሚውሉት።

ሴቶችም ይቅማሉ፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ችግሩ የሴቶች በርጫ ትልልቅ እቅድ ሳይነደፍበት መበተኑ ነው፤ እራት የሚጠብቃት ሰው ምርቃናው ጣፋጭ በሆነበት ሰዓት ነጠላዋን አንሥታ ትወጣለች። ራስን ለማሻሻል ጊዜ ያስፈልጋል፤ ሴቶቻችን ደግሞ ጊዜ መድበው አያውቁም።

ወደዚያ ፓኮ እንመለስና፣ ሚስትየው ሸሚዝ ልታጥብ ስትል ከኪሱ አገኘችው። ከዳር እስከ ዳር አነበበችና፣ «ይህ ሰውዬ የት ነው የሚኖረው? ካላገባ አስተዋውቀኝ» አለችው። ጊዜው ጠዋት ስለነበር የመለሰላት የሐራራው ባል ነው፤ «ኪሴን ፈትሺ ያለሽ ማነው?» ብሎ በሩን አላትሞ ወጣ። ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደረሰቻቸው እሷ ናት።

ይሁን እንጂ የድሬ ሴት ያገኘችውን ጥበብ ሳትጠቀምበት አትቀርም። ይህችው ሴት ከጎረቤቶቿ ጋር ስትመክር ሰንብታ፣ ደጉን ባል ቤት እንዲመጣ ከመለመን እሱ ባለበት ሄዶ ማነጋገር እንደሚሻል ተረዳች። አንድ ቀን አሥር ሰዓት ገደማ በርጫው ቤት በር ላይ ደረሰችና አስጠራችው። እየሳቀ ወጣ፤ ትከሻዋን አቅፎ «የኔ እናት፣ ምን ላድርግልሽ?» አላት። የልጆቹን የትምህርት ክፍያ በዚያው በስልኩ አስላከችው፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ግዢም ተስማማ፤ በመጨረሻም ሐረር ያሉት እናቷ ለሕክምና መጥተው ሁለት ወር ቢቆዩ ምን ይመስለዋል ብትለው፣ «ሁለት ወር ምን አላት? እናቴ አይደሉም እንዴ!» ብሎ ዐይኑ እንባ ሞላ፤ በራሱ ስልክ ደውሎም፣ አንቱታ በማይወደድበት ከተማ «እርስዎ» እያለ ጋበዛቸው። ጓደኞቹ ከውስጥ ሆነው አጨበጨቡ።

አማቱ ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሻንጣና በአንድ ማዳበሪያ ድንች ገቡ። በሩን የከፈተላቸው የሐራራው ባል ሲሆን፣ እንግዳ መኖሩን የሰማው ገና ያን ጊዜ ይመስል ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ያ ታላቅ ሰው ተመልሶ ፍራሹ ላይ ተቀመጠና አዲስ ፓኮ አስቀደደ፤ ከነገ ጀምሮ አማቱን በየጠዋቱ ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው እሱ ራሱ ነው።