ችግር ፈቺ ፈልገው ማህተም የሚጠይቁ ሰዎች አንጀቴን አቃጠሉት

አሁን ከኮምቦልቻ መመለሴ ነው። ሐረጎን እስክንወጣ ድረስ ንዴቴ አልበረደም። ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

አንድ የጥገና ባለሙያ ቅጥር ማስታወቂያ አይቼ ነው የሄድኩት። «ከፍተኛ የችግር አፈታት ክህሎት ያለው፣ የሥራ ልምድ 0 ዓመት» ትላለች። እኔ ደግሞ የተበላሸ ነገር አሳድዶ መንስኤውን ከማግኘት የበለጠ የምወደው ሥራ የለም። ደስ ብሎኝ ለቃለ መጠይቅ ገባሁ።

ጠያቂው ሰውዬ ሲቪዬን ገልጦ እንኳን አላየም። «የችግር አፈታት ደረጃዎችን በቅደም ተከተል ዘርዝር» አለኝ።

«የሠራሁትን ልንገርዎት?» አልኩና የሰፈራችንን ወፍጮ አነሳሁለት። ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ግን አይዞርም። ባለቤቱ ተቃጥሏል ብለው ሽቦውን እንደ አዲስ ሊያስጠቀልሉት ነበር። ቶሎ አስጠፋሁት፤ እንደዚያ ከቆየ እውነትም ይቃጠላላ! ለአፍታ አስነስቼ ሦስቱን ፌዞች፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መስመሮቹን፣ ስለካ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ሁለቱ ብቻ ነው። መብራቱን ከዋናው አጥፍቼ ኮንታክተሩን፣ ያንን ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ፣ ፈታሁት። የአንዱ ፌዝ መገናኛ ጠቁሮ አሯል። ኮንታክተሩ ተቀየረ፣ ወፍጮው ዞረ፣ የሰው እህል ተፈጨ።

«ለዚህ የልምድ ደብዳቤ አለህ?»

«ወፍጮ ቤት እኮ ነው ጋሼ፣ ደብዳቤ አይጽፍም።»

«ማህተም የሌለው ልምድ አልቀበልም። ደረጃዎቹን ካላወቅህ ጊዜዬን አትግደል።»

አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ሳቀች። ከንግግሩ ይልቅ የእሷ ሳቅ ነው የቆጠቆጠኝ።

ደረጃዎቹን እኮ ነው የነገርኩህ አንተ ሰውዬ! ምልክቱን አየሁ። ጉዳቱ እንዳይብስ አስቆምኩ። ለካሁ፣ መንስኤውን ለየሁ፣ ጠገንኩ፣ አስነስቼ ሞከርኩ። ሌላ ምን ደረጃ አለ? ደግሞስ 0 ዓመት ብለህ ለጥፈህ የምን የልምድ ደብዳቤ ነው?

ይኸው ነው ሁሌም። አንዱ ጋ ዋስ የሚሆን የመንግሥት ሠራተኛ አምጣ ይሉሃል። ሌላው ጋ ፒያሳ የተለጠፈው ማስታወቂያ ሳይነሳ ቦታው ተይዟል። መውጫ ፈተናም በ2015 ሲጀመር ተፈትነን እንለያለን ብለን ነበር። አለፍን። ከዚያስ? ነርሷ ጓደኛችንን እንኳን ድንገተኛ ክፍል ለመቅጠር የቃላት ትርጉም ነው ያስሸመደዷት። ሦስት በሽተኛ አንዴ ቢመጣ ማንን ታስቀድሚያለሽ ብሎ የጠየቃት የለም። እዚያ ክፍል ከዚህ የበለጠ ምን ጥያቄ አለ?

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ሲመረቅ ልጆች ነበርን፤ ስናድግ እዚያ እንገባለን እንል ነበር። በ2014 ጦርነቱ ደሴም ኮምቦልቻም ገባ፣ ስንት ፋብሪካ ተዘረፈ። በዚያው ዓመት ከአጎአ፣ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከምንልክበት ዕድል፣ ወጣን። ሥራ ለምን እንደጠበበ እኔም አውቃለሁ፣ ማንም አይነግረኝም። የሚያንገበግበኝ የቀረችውንም ትንሽ ቦታ በሽምደዳና በማህተም መዝጋታቸው ነው። ማሽን ቆሞ ሠራተኛ እጁን አጣጥፎ ሲጠብቅ ማህተሙ ያስነሳዋል?

አንድ ሞተር ከስቶር አውጡ። አበላሹት። ቴስተርና መፍቻ ስጡን፣ ቆማችሁ እዩን። ያልቻለ ይሂድ! እኔም ካልቻልኩ ልሂድ።

እናቴ «አብሽር ልጄ» ትላለች። ደክሞኛል እማ።

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ቢሆን፣ በተግባር ፈትኖ የሚቀጥር ቦታ የምታውቁ በአላህ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። መፍቻዬን ይዤ ነገ ጠዋት እመጣለሁ።