ሳትከፍቱ አታጋሩ፦ ስለ አዳምስ ቤተሰብ ወረቀቶች ለወገኖቻችን የቀረበ ተግሳጽ

ወገኖቻችን፣ በዚህ በአሜሪካ ቀኝ እጃችሁን አንሥታችሁ፣ ምላችሁ ዜግነት የወሰዳችሁ፣ ልጆቻችሁንም እዚሁ የምታስተምሩ፣ ይህ ቃል ለእናንተ ነው። በቴሌግራም፣ በፌስቡክ፣ በዕድር ስብሰባ፣ ይልቁንም በምርጫ ሰሞን በሁለተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ስም «ጆን አዳምስ እንዳለው» እያላችሁ የምትለጥፉት አባባል በዝቷል። ቀን የለውም፤ ለማን እንደ ተጻፈም አይታወቅም። «ሕዝብን ባሪያ ማድረጊያው መንገድ ሁለት ነው፤ አንዱ ሰይፍ፣ ሌላው ዕዳ» የሚለው «1826» የሚል ዓመት ብቻ ተለጥፎበት ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። የቤተሰቡ ደብዳቤና ማስታወሻ በተሰበሰበበት በአዳምስ ወረቀቶች ውስጥ ግን የለም። ሰውየው በ1826 የ90 ዓመት አዛውንት ነበር፤ ጁላይ 4 ቀን ዐረፈ። «ሥራህ ሌሎች የበለጠ እንዲያልሙ፣ የበለጠ እንዲማሩ ካደረገ አንተ መሪ ነህ» የሚለውንም የልጁ የጆን ኩዊንሲ አዳምስ ቃል ነው እያላችሁ በምረቃ ቀን ታነቡታላችሁ። እርሱም አላለውም።

በሰው ስም ያልተናገረውን መናገር በእኛ ዘንድ ነውር ነው። የሞተ ሰው ደግሞ ተነሥቶ «እኔ አላልሁም» ሊል አይችልም። ማስረጃ የጠፋበት ቤት ቢሆን ባልከፋ። የጆርጅ ዋሽንግተን ሚስት ማርታ ከባሏ ጋር የተጻጻፈችውን ከመሞቷ በፊት አቃጥላዋለች ይባላል፤ ዛሬ በእጅ ያሉት የሁለቱ ደብዳቤዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የአዳምስ ቤት ግን እንዲህ አይደለም። ጆንና ሚስቱ አቢጌል ብቻ ከ1762 እስከ 1801 የተጻጻፏቸው ከ1,100 በላይ ደብዳቤዎች አሉ። ጆን ኩዊንሲ በ12 ዓመቱ፣ በ1779 ጀምሮ እስከ 1848 የጻፈው የቀን ማስታወሻ 51 ጥራዝ ነው። መላው የቤተሰቡ ክምችት ከሩብ ሚሊዮን ገጽ ይበልጣል።

ይህ ሁሉ በአጋጣሚ የተረፈ አይምሰላችሁ። በ1775 ጆን ከፊላደልፊያ የላካቸው ደብዳቤዎች በመንገድ በእንግሊዞች እጅ ወድቀው በጋዜጣ ታተሙ፤ በውስጣቸው የሥራ ባልደረባውን በስድብ ጠቅሶት ስለ ነበር ብዙ አሳፈረው። አቢጌል ደብዳቤዎቿን እንዲያቃጥል ስትለምነው፣ ኤፕሪል 28 ቀን 1776 «ከማቃጠሌ በፊት አንቺን መርሳት ይኖርብኛል» ብሎ መለሰላት። ጁን 2 ቀን ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲጽፍ አንድም ቅጂ ሳያስቀር መኖሩን ነግሯት፣ ትልቅ ባዶ መዝገብ ገዝቶ ያንኑ ደብዳቤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ እየጻፈ እንደ ሆነ አስታወቃት። ከዚያ በኋላ የላከውን በመዝገብ እየገለበጠ ያስቀር ጀመር። ጆን ኩዊንሲ ወረቀቱ እሳት በማይደፍረው ቤት እንዲቀመጥ በኑዛዜው አዘዘ፤ ልጁ ቻርለስ ፍራንሲስ በኩዊንሲ ከተማ ከመኖሪያ ቤቱ ተለይቶ የቆመ የድንጋይ ቤተ መጻሕፍት አሠራ፤ በ1870 ተፈጸመ። ጥንቃቄው ከንቱ እንዳልነበር የጆንና የአቢጌል ሴት ልጅ የናቢ ወረቀት ይመሰክራል፤ በልጇ ቤት ተቀምጦ ሳለ ቤቱ ሲቃጠል አብዛኛው አብሮ ነደደ። የተረፈውን የቤቱን ወረቀት ሁሉ ቤተሰቡ በ1905 በባለአደራ እጅ አኖረው፣ በ1956 ደግሞ ቦስተን ለሚገኘው ለማሳቹሴትስ የታሪክ ማኅበር ጨርሶ ሰጠው። በ1950ዎቹ በማይክሮፊልም ሲነሣ 608 ጥቅልል ሞላ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የምንል እኛው ነን፤ የተወረሰው ነገር ደጃችን ላይ ተቀምጦ ሳለ ያልተጻፈውን እናወርሳለን።

ገንዘብ አያስፈልግም፤ ቦስተን መሄድም አያሻም። የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ከ2013 ጀምሮ የከፈተው ፋውንደርስ ኦንላይን የሚባል ድረ ገጽ የአገሪቱን መሥራቾች፣ የአዳምስን፣ የዋሽንግተንን፣ የጄፈርሰንን፣ የፍራንክሊንን፣ የማዲሰንንና የሃሚልተንን ወረቀት በነጻ ያስነብባል። አባባሉን በአማርኛ ካገኛችሁት መጀመሪያ የእንግሊዝኛውን ቃል ፈልጉ። ከዚያ ሙሉውን ዐረፍተ ነገር አታስገቡ፤ አቢጌል ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም፣ ቃላትን እንደ ሰማቻቸው ነበር የምትጽፈው፣ አዘጋጆቹም አጻጻፏን አላረሙትም። በዛሬው አጻጻፍ ስትፈልጉ «የለም» ቢላችሁ ገና አልፈለጋችሁም። ሁለት ወይም ሦስት ብርቅ ቃላት ምረጡ፣ ጸሐፊውንና ዓመቱን ወስኑ፣ አጻጻፉን እየለዋወጣችሁ ሞክሩ። ከደብዳቤው ግርጌ ያለውን ማስታወሻም አትዝለሉ። «አር ሲ» የሚሉ ፊደላት ተቀባዩ እጅ የደረሰውን ወረቀት ያመለክታሉ፤ «ኤል ቢ ሲ» ጸሐፊው በመዝገቡ ያስቀረውን ቅጂ። ሁለቱ አንዳንዴ ይለያያሉ፤ በመዝገብ ያለ ደብዳቤ ጨርሶ ሳይላክ የቀረበትም ጊዜ አለ። «ኧርሊ አክሰስ» የሚል ምልክት ካያችሁ ደግሞ ጽሑፉ የመጨረሻ እርማት አላገኘም፤ በእርሱ ብቻ አትከራከሩ። ጆንና አቢጌል የተጻጻፉትን የታሪክ ማኅበሩ ድረ ገጽ ከእጅ ጽሑፉ ፎቶ ጋር ጎን ለጎን ያሳያል፤ የጆን ኩዊንሲ ማስታወሻም እዚያው በየቀኑ ተደርድሮ ይገኛል። በፎቶው ላይ የ«ኤስ» ፊደል በቃል መካከል ስትረዝም «ኤፍ» ትመስላለች፤ በዚህ አትሳቱ። ማኅተሙ ሲከፈት ወረቀቱን ይዞ ስለሚቀደድ ጥጉ የጎደለ ገጽም ታገኛላችሁ፤ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለው ቃል የአዘጋጁ ግምት ነው።

ቃሉ በትክክል የእርሱ ሆኖም የተቆረጠ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከፈጠራው ይልቅ ያሳስበናል። «ሃይማኖት ባይኖርበት ኖሮ ይህ ዓለም ከዓለማት ሁሉ የተሻለ ይሆን ነበር» የሚለውን ጆን አዳምስ ጽፎታል፤ ለጄፈርሰን፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1817። ነገር ግን ስለ ሃይማኖት ጭቅጭቅ ሲያነብ ሃያ ጊዜ እንዲህ ብሎ ሊጮኽ እንደ ቃጣው ነው የሚናገረው። ወዲያው ቀጥሎ እንዲያ ብል ኖሮ እኔም እንደ ተከራካሪዎቹ አክራሪ በሆንሁ ይላል፤ ሃይማኖት የሌለው ዓለም በጨዋ ሰው ፊት ስሙ የማይጠራ ነገር ይሆን ነበር፣ ሲኦል ማለቴ ነው ብሎ ይዘጋዋል። ግማሹን ቆርጣችሁ አዳምስን ከሃዲ ያደረጋችሁት፣ ሌላውን ግማሽ ብቻ ይዛችሁ ሰባኪ ያደረጋችሁትም፣ ሁለታችሁም ሦስት መስመር ማንበብ አቅቷችሁ ነው።

ቀን መቀየርም አለ። ለዜግነት ፈተና «የነጻነት አዋጁ መቼ ጸደቀ» ስትባሉ «ጁላይ 4፣ 1776» ብላችኋል፤ ልክ ነው። ጆን አዳምስ ግን ጁላይ 3 ቀን ለአቢጌል ሲጽፍ፣ ትውልድ ሁሉ በደወልና በመድፍ፣ በጨዋታና በርችት ያከብረዋል ያለው ጁላይ 2ን ነበር፤ ኮንግረሱ ነጻነትን የወሰነው በዚያ ቀን ነውና። በኋላ ያ ደብዳቤ ሲታተም ቀኑ ጁላይ 5 ተደርጎ፣ «ሁለተኛው» የሚለውም «አራተኛው» ተብሎ ተለውጦ ዞረ። ስለዚህ የድሮ መጽሐፍ ስላገኛችሁ ብቻ አትተማመኑ። የልጅ ልጁ ቻርለስ ፍራንሲስ በ19ኛው መቶ ዓመት ያሳተማቸው ጥራዞች ትልቅ ሥራ ናቸው፤ ነገር ግን የአያቱን አጻጻፍ አርሟል፣ ለቤት ይቆይ ያለውንም ዘሏል። ከ1961 ጀምሮ የታሪክ ማኅበሩ አዘጋጆች ያወጡት እትም ነው የሚታመነው።

ማስታወሻና ትዝታም ለየቅል ናቸው። ጆን በዕለቱ የጻፈው ማስታወሻ አለ፤ ከ1802 ጀምሮ ወደ ኋላ እያሰበ የጻፈው የሕይወት ታሪክም አለ። አዋጁን ማን ይጻፍ ተብሎ ከጄፈርሰን ጋር ተነጋገሩት የሚባለው፣ አዳምስ «አንተ የቨርጂኒያ ሰው ነህ» ያለበት ዝነኛ ንግግር፣ አዳምስ በ1822፣ ከ46 ዓመት በኋላ በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ነው ያለው። ጄፈርሰን በዓመቱ አዳምስን ትዝታው እንዳሳተው ለማዲሰን ጽፏል። ስትጠቅሱት ይህንንም አብራችሁ ጥቀሱ።

አሁን ደግሞ እኛን ጥቁሮቹን በቀጥታ ወደሚነካው። አቢጌል ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1797 ለባሏ የጻፈችውን ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው። በቤቷ የሚያገለግል ጄምስ የሚባል ጥቁር ልጅ ነበር፤ ለሙያ ተማሪዎች የተከፈተ የማታ ትምህርት ቤት እንድትልከው ለመናት፣ ላከችው። ጎረቤት መጣና ልጁ ከቀጠለ ትምህርት ቤቱ ይፈርሳል አላት። ልጁ ምን አጠፋ ብላ ጠየቀች፤ ምንም። እኔ አይደለሁም፣ ሌሎች ናቸው የሚቃወሙት አለ። ልጁ እንደ ማንኛቸውም ወጣቶች ነጻ ሰው ነው፤ ፊቱ ስለ ጠቆረ ብቻ ትምህርት ይከለከላል? እንጀራውንስ በምን ያገኛል? አለችው። እኔ ራሴ እሳሎኔ አስገብቼ ማንበብና መጻፍ ሳስተምረው አላፈርሁም፣ የሚቃወሙትን ወደ እኔ ላካቸው ብላ ሰደደችው። ጎረቤቱ በራሱ አፍ ሳይሆን በ«ሌሎች» አፍ መናገሩን ልብ በሉ፤ ዛሬም በትምህርት ቤት ስብሰባ የምትሰሙት ይኸው ነው።

ነገር ግን ይህን ብቻ ይዛችሁ አቢጌልን ያለ ነውር አታቁሟት። ከዚያ 12 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1785፣ ለንደን ሆና «ኦቴሎ» የተባለውን የሼክስፒር ተውኔት አይታ፣ ጥቁሩ ሰው ነጭ ሚስቱን ዴዝዴሞናን በነካ ቁጥር ነፍሴ ተንቀጠቀጠች፤ ካስተዳደግ የመጣ ጥላቻ ይሁን ከተፈጥሮ አላውቅም ብላ በገዛ እጇ ጽፋለች። ሁለቱም ወረቀቶች የእርሷ ናቸው። አንዱን ደብቆ ሌላውን ማሳየት ሐሰት ነው፤ ለእኛ ደስ ስላለን እውነት አይሆንም።

ወደ አማርኛ የምትመልሱ ደግሞ ቃሉን በዘመኑ ትርጉም ያዙት። ጆን «አገሬ» ሲል ብዙ ጊዜ ማሳቹሴትስን ማለቱ ነው፤ የእኛ ሰው «አገሬ ልግባ» ሲል ጎንደርን ወይም መንዝን እንደሚያስበው። «የተወደድሽ ወዳጄ» ብሎ የሚጀምረው ለሚስቱ ነው፤ «ፖርሺያ» የሚለው ፊርማ የአቢጌል የብዕር ስም ነው። በቤቱ ብዙ ጆን፣ ብዙ አቢጌል፣ ብዙ ቻርለስ ስላለ የማን እንደ ሆነ ሳትለዩ «አዳምስ» ብላችሁ አትለፉ። በሁለት ዘመን አቆጣጠር የምንኖር ስለሆንን ቀንም ሊያሳስተን አይገባም፤ ጆን በፈረንጆቹ በአሮጌው አቆጣጠር ኦክቶበር 19፣ በአዲሱ ኦክቶበር 30 ቀን 1735 ነው የተወለደው። የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ ከመለሳችሁ ሁለቱንም ጻፉ።

ስትጠቅሱ አራት ነገር በቂ ነው፦ ማን ጻፈ፣ ለማን፣ ከየት፣ መቼ። አራቱን መሙላት ካልቻላችሁ አትለጥፉ። ሐሰቱን ከዚህ በፊት የለጠፋችሁም ዝም ብላችሁ አታጥፉት፤ ያጋሩት ሰዎች ቅጂው በእጃቸው ነው። እዚያው ቡድን ውስጥ፣ በዚያው ስማችሁ፣ «ይህ ቃል በአዳምስ ወረቀቶች ውስጥ የለም» ብላችሁ ከሥሩ ጻፉበት።