«ይሄ ልጅ መቼ ነው የሚደባደበው?»

ኸረ እናንተ! ለልጆች የጻፍኩትን ፋንታሲ፣ አስማት ያለበትን የድብድብ ልቦለድ ማለቴ ነው፣ ለአሳታሚ አሳይቼ ከፒያሳ አሁን መመለሴ ነው፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

አሳታሚው ቃል በቃል እንዲህ አለኝ፦ «ልጄ፣ ጀግናህ ምዕራፍ ሁለትን ሙሉ የድብድብ አቋቋም ይማራል። መቼ ነው የሚደባደበው? ቁረጠው!» «ጋሼ፣ የታሪኩ ልብ እኮ እሱ ነው» ስለው ረቂቁን በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገና «ይብረር! ዘንዶ ጨምርበት! ጎንደርንም ተወው፣ የጎንደር ሰይፍ ታሪክ እንጂ ፋንታሲ አይሆንም» አለኝ። ያ ሁሉ መጽሐፍ ሊገዛ የቆመ ሰው እየሰማ! አንዱማ ሳቀ።

እሺ ይብረር። የሚበር ልጅ ምን ይፈራል? የ14 ዓመት አንባቢ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚያነሳው ምንም የማይችል ልጅ ቀስ በቀስ ሲችል ለማየት ነው። ቴኳንዶ ቤት ሄዳችሁ ነጭ ቀበቶ የታጠቀውን እዩት። ቡጢ መጨበጥ አያውቅም፤ አውራ ጣቱን ውስጥ ይደብቃል፣ ሲመታ የገዛ ጣቱን ይሰብራል። የእጁ አንጓ ከታጠፈ ወለምታ ነው። ምቱ ማረፍ ያለበት በሌባ ጣትና በመሀል ጣት አንጓ ነው፤ በትንሿ ጣት በኩል ካረፈ መዳፉ ውስጥ ያለው አጥንት ይሰነጠቃል። ሳይድ ኪክ፣ የጎን እርግጫ፣ ሲሰነዝር የቆመበት እግር ተረከዝ ወደሚመታው ሰው ካልዞረ ጉልበቱ ይጠመዘዛል። ይሄ ነው እንግዲህ «አሰልቺ» የሚባለው! ይሄ ሳይጻፍ ምዕራፍ አሥር ላይ «በአንድ ምት ዘረረው» ቢባል ማን ያምናል?

በሌሎቹ መጻሕፍት ትንፋሽ የሚባል ነገርም ተረስቷል። ጀግናው ከመተማ ቆላ ተነስቶ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለችው ጎንደር በገባ በዕለቱ አሥር ሰው ይጥላል። በማግስቱ ራስ ዳሽን ላይ ቆሞ ይፎክራል። ከ4,500 ሜትር በላይ እኮ ነው! ቆላ የለመደ ሰው እዚያ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ሲል ያለከልካል።

የጎንደር ሰይፍ ፋንታሲ አይሆንም አለኝ! ሾተል፣ ያ የጥንቱ ሰይፋችን፣ እንደ ማጭድ የተቆለመመው የባላጋራውን ጋሻ ዞሮ ከኋላው ያለውን ሰው እንዲያገኝ ነው። ግራ እጅ ጋሻ ስለሚይዝ የሚታጠቁት በቀኝ ጎን ነው። ቁልምምነቱ ግን ዋጋ አለው፤ ከአፎቱ ለመምዘዝ ያስቸግራል፣ ሰይፍ ለመመከትም አይመችም። ልጁ ሲመዝ የምታልፈው ያቺ ቅጽበት ብቻዋን አንድ ምዕራፍ ትሞላለች። ፋሲል ግቢን የሚያህል 12 በር ያለው ግንብ ደጃችን ቆሞ፣ የኛ ልጆች ድብድባቸውን ስሙን መጥራት የማይችሉት ተራራ ላይ ያደርጉታል። ሽፋኑ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ያው ኮፍያ የደፋ፣ ፊቱ የማይታይ ሰውዬ! ሰለቸኝ።

አስማቱስ ቢሆን ከየት ይምጣ? የብራና ክታብ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጅ ነበር፣ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው። አሁን አስቡት፤ ክታቡ ሲጻፍለት ልጁ 12 ዓመቱ ነው። 15 ሲሞላው በአንድ ስንዝር አድጓል። ክታቡ አጠረ! ከባቱ በታች ምንም ጥበቃ የለውም፣ ይህን ያወቀ ጠላት ሁሉ እግር እግሩን ይለዋል። አቋቋም የሚማረው ለዚህ ነው እኮ! ምዕራፍ ሁለት ያለው ለዚህ ነው! አሳታሚው ገጹን ቢገልጠው ኖሮ ያየው ነበር፤ አልገለጠውም።

አልቆርጥም። ሌላ አሳታሚ ጋ ይዤው እሄዳለሁ፣ እሱም ቁረጥ ይለኝ ይሆናል። «ፒዲኤፉን በቴሌግራም ላክልኝ» የምትሉኝም ዛሬ አትጻፉልኝ፣ በእናታችሁ።