ለከረጢት ቢራ ብቅሉ፦ እንደ ዱቄት ወይስ እንደ ቅንጬ?

ጥያቄው፦ ቤቱ በከረጢት (ብቅሉን በጨርቅ ከረጢት ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ከረጢቱን በማውጣት) ቢራ የሚጠምቅ ሰው ብዙ ስኳር እንዲያገኝ ብቅሉን እንደ ዱቄት ያልመው ወይስ ሰንጥቆ ይተወው? ተከራካሪዎቹ ሁለት የሰሜን ሸዋ ጠማቂዎች ናቸው።

ይላም ባይ፣ ከደብረ ብርሃን

ብቅል ውድ ነው። ስኳሩን ከአተላው ጋር ለከብት መስጠት ያንገበግበኛል። ስታርች ወደ ስኳር የሚለወጠው ውሃ ሲደርሰው ነው፤ ፍሬው ለሁለት ከተሰነጠቀ ብቻ ልቡ ሳይርስ ሰዓቱ ያልፋል። ብዙ ፋብሪካዎች ብቅሉን የማያልሙት ማጣሪያቸው ራሱ የብቅሉ ቅርፊት ስለሆነ ነው፤ ቅርፊቱ ከደቀቀ ፈሳሹ አልወርድ ይላል። የእኛ ማጣሪያ ግን ከረጢቱ ነው። የእነሱን ችግር ለምን እንውረስ?

እኔ 14 ሊትር ውሃ 71 ዲግሪ ሲደርስ እሳቱን አጥፍቼ፣ 3 ኪሎ ብቅል እያማሰልኩ ከረጢቱ ውስጥ እነሰንሳለሁ። ወደ 66 ይወርዳል። ከዚያ ድስቱን ከድኜ በባና እጠቀልላለሁ። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው ወደ 91 ዲግሪ ላይ ነው፤ ይህ ለብቅሉ ምንም አያመጣም። ብርዱ ግን ያመጣል። የላመ ብቅል ድስቱ ሳይቀዘቅዝ ሥራውን ይጨርሳል።

ይሰንጠቅ ባይ፣ ከመንዝ

ወንድሜ፣ ስለ ብርዱ የተናገሩት እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ወፍጮው ጋ አይደለም። እኔ ያደግኩት ጠላ ስጠምቅ ነው። ለጠላ ብቅሉ ቢልም አይጎዳም፤ ቂጣው አስቀድሞ እሳት አይቶታል፣ ድፍድፉ ከጌሾው ጋር ቀናት ይቆያል፣ አተላው ዘቅጦ ከላይ እንቀዳለን። የከረጢት ቢራ ይህ ሁሉ ጊዜ የለውም። ዱቄት ሙቅ ውሃ ሲነካው ይጓጉላል፤ የጓጎለውም ውስጡ ደረቅ ነው። እርስዎ የሸሹት ደረቅ ልብ ተመልሶ መጣ ማለት ነው! የቀረው በከረጢቱ ሾልኮ ድስቱ ግርጌ ይተኛል፣ ለማፍላት እሳት ሲነድበትም ያርራል። ያረረ ሽታ ደግሞ ከቢራ አይለቅም።

እንደ ቅንጬ ይሰንጠቅ፣ አንድም ሙሉ ፍሬ አይቅር። ከዚያ በየ15 ደቂቃው ማማሰል ነው። ሙቀቱ ወደ 64 ዲግሪ ሲወርድ ከረጢቱን ከግርጌው ከፍ አድርጎ ለስለስ ያለ እሳት መስጠት፤ ከ60 በታች ከወረደ የገብሱ ስታርች በቅጡ አይላላም። በ60 ደቂቃ ፈንታ 90 መጠበቅ። ማለቁን አዮዲን ይንገርዎት፦ ነጭ ሳህን ላይ ከፈሳሹ ጠብ አድርገው አዮዲን ሲጨምሩበት ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ስታርች ቀርቷል። የጠራው ፈሳሽ ብቻ ይሁን፤ የብቅል ቅንጣት ከገባበት ያሳስትዎታል።

ይላም ባይ

እህቴ፣ መጓጎሉ የእጅ ጉዳይ ነው፤ ቀስ ብሎ ለነሰነሰና አጥብቆ ላማሰለ አይጓጉልም። በየ15 ደቂቃው ክዳን መክፈትስ ሙቀቱን አያባክንም? የደቀቀ ቅርፊት አፍ የሚይዝ ጣዕም ያመጣል የሚሉም አሉ። ያ ጣዕም በርትቶ የሚወጣው ውሃው ከ77 ዲግሪ በላይ ሲሞቅና አሲድነቱ ሲያንስ ነው። ስለዚህ እኔ ከረጢቱን እስኪበቃው እጨምቀዋለሁ።

ይሰንጠቅ ባይ

በመጭመቁ አንለያይም። ግን የላመ ብቅል ሲጨመቅ ዱቄቱም አብሮ ይወርዳል፤ የተሰነጠቀው ግን ከዚያ የጠራ ይሰጣል። ክዳን መክፈቱ ጥቂት ሙቀት ይወስዳል፣ እሳቱ ይመልሰዋል፤ የብቅሉ መሀል ግን ካልተማሰለ ሙቀቱ አይደርሰውም።

ልቡ ይበልጥ እንዲደቅ ከፈለጉ ሌላ መንገድ አለ። ከመፍጨትዎ በፊት 3 ኪሎው ላይ 60 ሚሊ ሊትር ውሃ እፍ እፍ አድርገው ይርጩና አሽተው ጥቂት ያቆዩት። ቅርፊቱ ይለሰልስና ሳይፈረፈር ይቀራል፣ ልቡ ግን ይደቃል። ወፍጮ ቤት እርጥብ እህል አልቀበልም ይላል፤ ይህ በእጅ ወፍጮ የሚሠራ ነው።