ሰውነቷን ከመንካታችን በፊት እንጠይቃት

ጤና ጣቢያ ሄዶ «ትራውማ (ክፉ ነገር አእምሮና ሰውነት ላይ ጥሎት የሚያልፈው ጉዳት) አለብኝ» የሚል ሰው የለም። «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ሰውነቴን ይቆረጣጥመኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ነው የሚባለው። ብዙ ጊዜ የጨጓራ መድኃኒት ይዞ መመለስ ነው። ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ እንዲህ የሚሉ ብዙ ናቸው። ከዐረብ አገር ተደብድበው የተመለሱ እህቶቻችንም አሉ።

ስለዚህ ከሰውነት የሚጀምር ሕክምና አለ ሲሉኝ አልስቅም። ዮጋ የሀብታም ሰፈር ቅንጦት የሚመስለው ሰው ሞልቷል። በፈረንጆቹ 2014 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ግን ትራውማ ያመማቸውንና ሌላ ሕክምና ብዙም ያልረዳቸውን ሴቶች ለ10 ሳምንት ተከታተለ። ዮጋ ከሠሩት 31 ሴቶች 16ቱ በመጨረሻ የሕመሙን መስፈርት አያሟሉም ነበር። የጤና ትምህርት ከተሰጣቸው 29 ደግሞ 6ቱ። ትንሽ ጥናት ነው፤ ሁሉን ያድናል ብሎ ለሚሸጥ ነጋዴ ማስታወቂያ አይሆንም። ነገሩ ግን ይገባል። አደጋ ያየ ሰውነት አደጋው ካለፈም በኋላ ዘብ እንደቆመ ነው። በር ሲንኳኳ ይበረግጋል። ትንፋሽን ቀስ አድርጎ ማስወጣት የልብ ምትን ያረግባል። ይህ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

እኛም ይህን የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። መርዶ እንዴት እንደሚነገር አስቡት። ገና ሳይነጋ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ይመጣል። ማንም ለብቻው አይረዳም። ደግፎ የሚይዝ አለ፣ ውሃ የሚያቀርብ አለ። ደረት ይደቃል፣ ሙሾ ይወረዳል፣ ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው አብሮ ያመሻል። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ በጦርነቱ ለሞቱት የሦስት ቀን ሐዘን ሲታወጅ፣ ስንት ቤተሰብ ልጁን ሲጠብቅ ቆይቶ ያን ቀን ተረዳ። መራራ ነው፤ ግን ቢያንስ አብሮ የሚያለቅስ ሰው ነበረ።

የተደፈረች ሴት ግን ድንኳን የላትም። ማንም ለቅሶ አይደርሳትም። «ዝም በይ፣ ስምሽ ይጠፋል» ትባላለች። ታዲያ ወዴት ትሂድ? ብዙዎቹ ጠበል ይሄዳሉ። እምነታቸው እንደሚያጽናናቸው አልጠራጠርም። የሚያሳስበኝ አያያዙ ነው። አንዳንድ ቦታ ሰው በሰንሰለት ይታሰራል፣ በመቁጠሪያ ይመታል፣ ሳይጠየቅ ተይዞ ይነከራል። በጉልበት የተያዘችን ሴት እንደገና በጉልበት ይዘን ተፈወሺ ማለት ምን የሚሉት ነገር ነው?

ጠበልተኛውን ብቻ ነጥዬ መውቀሴ አይደለም። ወጌሻውም፣ ማሳጅ ቤቱም፣ ዘመናዊ ነኝ ባዩ የዮጋ አሠልጣኝም ያው ናቸው። «ዘና በዪ» እያለ ከኋላ መጥቶ ትከሻ የሚያስተካክል አሠልጣኝ አለ። ለተጎዱ ሰዎች ተብሎ በተዘጋጀው ዮጋ አሠልጣኙ ሠልጣኟን አይነካም። ዓይን መጨፈን ግዴታ አይደለም። እንቅስቃሴውን መተው ትችላለች፣ ማንም ለምን አይላትም። እኔ ዋናው ሕክምና ይህ ይመስለኛል። እጅ ማንሳትና ማውረዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሰውነቷ ላይ ሌላ ሰው የወሰነባት ሴት አሁን የምትወስነው ራሷ ናት።

ደግሞ ሰዓት የማይሰጥ ነገር አለ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ከጥቃቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ትንፋሽም ማሳጅም ጠበልም ይህን አይተካም። ራሴን ላጥፋ ለሚል ሰውም እንደዚያው ነው፤ ሐኪም ዛሬውኑ ያስፈልገዋል።

ጠበልና ክኒን ይጣላሉ የሚል ካለ፣ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በፈረንጆቹ 2007 የኤችአይቪ መድኃኒት የጀመሩ ሰዎች ጠበል እየተጠመቁ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር። ያ ምክር ለዚህም ይሠራል። እያንዳንዱ አጥማቂ 72 ሰዓቱን ይወቅ፣ ቅርብ ያለውን ሆስፒታል ስልክ ይያዝ። ያቺ ሴት ነገሯን የምትነግረው የመጀመሪያው ሰው እሱ ሊሆን ይችላል።