ለነርሷ ሁለት ዓመት ስጧት

የዲቪ ሕግ የሚጠይቀው 12ኛ ክፍል መጨረስን ነው፤ ካልሆነም ስልጠና በሚፈልግ ሙያ የሁለት ዓመት ልምድ። ከእኛ አገር በዲቪ ከመጡት ብዙዎቹ ግን ዲግሪ አላቸው። ነርስ፣ መምህር፣ መሐንዲስ፣ አካውንታንት ናቸው። ወላጅ ከጉሮሮው ቀንሶ ያስተማራቸው ልጆች ናቸው። እዚህ አሜሪካ ሲደርሱ መኪና ያቆማሉ፣ የሆቴል ክፍል ያጸዳሉ፣ አረጋውያን ይንከባከባሉ። ሥራ ክቡር ነው። የሚያንገበግበኝ ሙያው ባክኖ መቅረቱ ነው።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት ነርስ አውቃለሁ። አገር ቤት ማዋለጃ ክፍል ነበር የምትሠራው። እዚህ በሲኤንኤ፣ ማለትም በነርስ ረዳት ወረቀት ቀን አንድ ቦታ፣ ሌሊት ሌላ ቦታ ትሠራለች። የነርስነት ፈቃድ የሚያሰጠው የኤንክሌክስ ፈተና መጽሐፏ መኪናዋ የኋላ ወንበር ላይ፣ ከሥራ ጫማዋ አጠገብ ተቀምጧል። ገልጬ አየሁት። ያሰመረችበት እስከ ሁለተኛው ምዕራፍ ድረስ ብቻ ነው።

እንዴት ታጥና? ስልኳ አያርፍም። የእናቷ የስኳር መድኃኒት አለ፣ የወንድሟ የኮሌጅ ክፍያ አለ፣ የአክስቷ ልጅ ሠርግ አለ። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ የምትልከው በብር ሲቆጠር በዝቷል፤ የመድኃኒቱም ዋጋ አብሮ ወጣ።

ሰሞኑን ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አሜሪካ አዲሱ ግብር ነው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ ወደ ውጭ በሚላክ ላይ 1 በመቶ ይከፈላል። ከባንክ ሂሳብ ወይም አሜሪካ ውስጥ ከተሰጠ ዴቢት ካርድ ለሚልክ ግን የለበትም። ስለዚህ በካርድ ላኩ፣ አለቀ። ትልቁ ኪሳራ ሌላ ቦታ ነው። እዚህ ፈቃድ ያላት ነርስ ደመወዝ ከሲኤንኤ ከእጥፍ በላይ ነው። ያ ልዩነት በየወሩ ከእሷም ከቤተሰቧም እጅ ይወጣል።

አገር ቤት ያላችሁ፣ እባካችሁ አዲስ ለሄደ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ስጡት። የእማማ መድኃኒት ይቀጥል፣ ሠርጉ ይቆይ። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ያስቡበት። ለነርስ ፈቃድ የሚጠየቀው ትራንስክሪፕት፣ ማለትም የትምህርት ውጤት ማስረጃ፣ በቀጥታ ከትምህርት ቤቱ ካልተላከ እዚህ ዋጋ የለውም፤ የዚህች ልጅ ወረቀት ግን ወራት አልፈውትም አልተላከም። ኮሌጅ የምትከፍልለት ወንድሟ አንድ ጠዋት ሬጅስትራር ቢሮ ሄዶ ይሰለፍላት።