አብሽሪ፣ ሜዳ ነው

ባለፈው ቅዳሜ ማታ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዬ፣ ከኮምቦልቻ መጣ። ገና አረፍ ከማለቱ ልጆቼን ገላመጣቸው። ሁለቱም ስልክ ላይ አቀርቅረዋል። «እነዚህ ልጆች አየር ያስፈልጋቸዋል» አለ። «ነገ ሐይቅ እንሂድና ሃይኪንግ እናስደርጋቸው።»

ሃይኪንግ ማለት በእግር መሄድ ነው። ልዩነቱ ጫማው ላይ ነው።

እኔን የአማቴ ጉልበት አሳሰበኝ። ትንሿ ልጄም ገና አራት ዓመቷ ነው፤ ግማሹን መንገድ ጀርባዬ ላይ ሆና እንደምትጨርሰው አውቃለሁ። «መንገዱ እንዴት ነው?» አልኩት። መዳፉን ወደ ታች ደፋና ጠረጴዛ እንደሚወለውል ሰው አየሩን ከግራ ወደ ቀኝ ጠረገው።

«አብሽሪ! ለቤተሰብ የሚሆን ነው። ዝም ብሎ ሜዳ!»

ይህችን እጅ አውቃታለሁ። ወሎ ውስጥ መንገድ ጠይቆ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃታል። ስንቱን ተራራ ደልድላለች! ዶዘር ያቃተውን ዳገት አንዲት መዳፍ በአንድ ጊዜ ትጨርሰዋለች። ገጠር ዘመድ ልትጠይቁ ወርዳችሁ «ሩቅ ነው እንዴ?» ስትሉ ይህችው እጅ ብቅ ትላለች። ከዚያ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሽቅብ ትወጣላችሁ።

እስቲ እኛ ደሴዎች ሜዳን ከየት እናውቀዋለን? በምዕራብ የጦሳ ተራራ ቆሟል። በምሥራቅ አዝዋ ገደል አለ። መሀል ላይ እኛ የቦርከናን ወንዝ ይዘን ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ተጣብቀናል። የሰፈራችን አድራሻ እንኳ «ከመስጊዱ ከፍ ብሎ»፣ «ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ» ነው። «አጠገብ» የሚባል ቤት የለንም። የኛ ሰፈር ልጆች ኳስ ሲያመልጣቸው አያባርሩም፤ ታች ሰፈር ያለ የአክስታቸው ልጅ ጋ ይደውላሉ። አውሮፕላኑስ ደሴን ትቶ ኮምቦልቻ የሚያርፈው ለምን ይመስላችኋል? ኮምቦልቻን ወዶ ነው? ሜዳ አጥቶ ነው እንጂ።

ኮምቦልቻ ከተነሳች ዝም ብዬ አላልፍም። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዛችሁ ስትወርዱ፣ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ተዘርግታ ታገኟታላችሁ። ፋብሪካ አላት። ኤርፖርት አላት። ከ2009 ጀምሮ የኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። ሙቀትም አላት። ይሁንላት። እኔን የሚያበግነኝ ዋርሳዬ ከዚያ ሙቀት መጥቶ በራችንን ሲረግጥ የሚላት ነገር ናት። «ኧረ ይሄ ብርዳችሁ!» ይላል። ብርዱን እኛ የጠመቅነው ይመስል! ከዚያ የኔን ጋቢ ይለብሳል። ጋቢዬን እንደለበሰ ስለ ሜዳ ያስተምረኛል።

አንድ የምወደው ተረት አለ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።» አባቴ በየአጋጣሚው ይላት ነበር። ፈተና ስወድቅ ይላታል። ደመወዝ ሲዘገይበት ይላታል። ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ሳምንቱን ሲይዝ እንኳ ጀሪካኑን እያየ ይላት ነበር። እኔም ወረስኳት። ግን ደሴ ላይ ቆም ብሎ ላሰባት ሰው ችግር አለባት። እዚህ እንቁላል እግር አያስፈልገውም። ጦሳ ግርጌ ብታስቀምጡት እግር ሳያወጣ ቦርከና ይገባል። ቦርከና ከገባ ኮምቦልቻ ይደርሳል። እግር የሚቸግረው እዚያ፣ ሜዳው ላይ ሲደርስ ነው። ተረቷን ያወጣው ሰው ወሎዬ አይመስለኝም። ከሆነም የኮምቦልቻ ሰው ነው።

የኛ የድሮ ሰዎች ስም ሲያወጡ አይዋሹም። ገደሉን አዩ፣ «ገደል» አሉት። የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ አያስፈልገውም፤ ስሙ ራሱ ተጠንቀቅ ይላል። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ደግሞ ውሃ አዩ። «ሐይቅ» አሉት። በቃ። ውሃውም ሐይቅ፣ ከተማውም ሐይቅ። 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን፣ ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ውሃ እኮ ነው! ሊያሽሞነሙኑት ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ዛሬ ቢሆን አዝዋ ገደልን «የቤተሰብ መናፈሻ» ብለን ትኬት እንቆርጥበት ነበር።

ወደ እሑዱ ልመለስ። ቆይ፣ መጀመሪያ የፔርሙዙን ነገር ልንገራችሁ።

ለቤተሰብ የሚሆን ጉዞ ማለት ቤተሰቡ የሚበላውን አንድ ሰው ሌሊት ተነስቶ የሚያሰናዳበት ጉዞ ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሳሁ። አልጫውን በምሳ ዕቃ፣ እንጀራውን በላስቲክ አደረግሁ። ድንች ቀቀልኩ። ቆሎ ቆላሁ። የልጆቹን ቅያሪ ልብስ ያዝኩ። ቀረ ቡና። አማቴ ቡና ካልጠጡ ራሳቸውን ያማቸዋል። ቡናውን አፍልቼ በፔርሙዝ ብይዘው ኖሮ ነገሩ እዚያው ላይ ያልቅ ነበር። ፔርሙዝ አጥቼ አይደለም። አለኝ። ክዳኑ ግን የሰው ነው።

ይህ የስምንት ዓመት ቁስል ነው። አንዲት ጎረቤቴ፣ ስሟን አልጠራም፣ ራሷን ታውቃለች፣ ለለቅሶ ቤት ብላ ፔርሙዜን ወሰደች። ሲመለስ አካሉ የኔ ነው፣ ክዳኑ አይደለም። የኔ ክዳን ቀይ ጥፍር ቀለም የተቀባ ነበር። የመጣው ግን አረንጓዴ ክር ታስሮበታል። አይገጥምም። ያንጠባጥባል። ስነግራት «ውይ፣ ከእድሩ ዕቃ ጋር ተቀላቅሎ ነዋ!» አለችና ሳቀች። ሳቀች! እንግዲህ በዚህች ከተማ አንድ ቦታ፣ በኔ ክዳን ከድና ቡናዋን በትኩሱ የምትጠጣ ሴት አለች። ስምንት ዓመት ሙሉ በየለቅሶው ዓይኔ ክዳን ላይ ነው። ሰው ሲያለቅስ እኔ ፔርሙዝ እቆጥራለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ስለዚህ ጀበና ያዝኩ። ጀበና ካለ ከሰል አለ። ከሰል ካለ ምድጃ አለ። ስድስት ሲኒ በፎጣ ጠቀለልኩ። ረከቦቱ ይቅር ብዬ ተውኩት። አማቴ ጀበናውን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ዕጣኑን ራሳቸው አምጥተው ጨመሩበት።

ወንዶቹ ምን ያዙ? ባለቤቴ የቤቱን ቁልፍ ያዘ። ዋርሳዬ ስልኩን ያዘ።

በሚኒባስ ሐይቅ ከተማ ወረድን። ከዚያ በእግር ወደ ውሃው ዳር። እውነት ለመናገር ያምራል። ጋራው ውሃውን ከቦታል፤ ማለዳ ላይ ጥላው ተገልብጦ ውሃው ውስጥ ይተኛል። ልጆቹ ስልክ መኖሩንም ረሱት። ትልቁ ወፍ እያሳደደ ሄደ። ትንሿ ደግሞ ከዳር ባዶ ሃይላንድ ትለቅም ጀመር። ሰባት ለቀመች። ሰው እዚህ ድረስ ንጹሕ አየር ፍለጋ መጥቶ፣ ውሃውን ጠጥቶ፣ ላስቲኩን ለሐይቁ ስጦታ ትቶለት ይሄዳል። ሰባቱንም ማን እንደተሸከማቸው መገመት አይከብዳችሁም።

መሬቱም እስከዚህ ድረስ ሜዳ ነበር። አልክድም። ችግሩ የመጣው ዋርሳዬ «ሐይቁ የሚያምረው ከላይ ሆነው ሲያዩት ነው» ሲል ነው። ያቺ እጅ እንደገና ወጣች። ጋራው ላይ ጠቆመችና አየሩን ጠረገች።

«ይቺማ ሜዳ ናት!»

ወጣን። ሁለቱ ወንድማማቾች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከፊት ይሄዳሉ። ስለ ነዳጅ ዋጋ ያወራሉ። እኔ ትንሿን አዝያለሁ፤ በአንድ እጄ ጀበና፣ በሌላው ምሳ ዕቃ። ትልቁ ልጄ ምድጃውን ይዞ ያቃስታል። አማቴ በየሦስት እርምጃው «እመብርሃን» ይላሉ። ባለቤቴ ከላይ ዞር ብሎ «ምነው ዘገያችሁ?» አለን።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። እውነቴን ነው፣ ደሜ ፈላ። እጁ ባዶ የሆነ ሰው ዳገት አይታየውም። ድንጋዩን የሚቆጥረው የተጫነ ጀርባ ነው። «ለቤተሰብ የሚሆን» ይላል፤ የትኛው ቤተሰብ? ቁልፍ የያዘው ነው ወይስ ጀበና የያዘው? መንገዱን የሚለካልን ሁልጊዜ ከፊት የሚሄደው፣ ምንም ያልተሸከመው ሰው ለምን ይሆናል? ይህን ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ትንፋሽ ስላጠረኝ ግን ከ«ለምን» በላይ አልተሰማም።

ያን ጊዜ አንዲት እናት ከላይ ወረዱ። ጀርባቸው ላይ የጭራሮ ሸክም አለ። መሬት መሬት እያዩ ነው የሚወርዱት። «እማማ፣ ወደ ላይ እንዴት ነው መንገዱ?» አልኳቸው። ቆሙ። ሽቅብ አላዩም፤ እጃቸውንም አላወጡም። የኔን ጭነት አዩት።

«ዳገት ነው፣ ልጄ። አረፍ በይ» አሉኝ።

በሕይወቴ ትክክለኛ መልስ ያገኘሁት ያን ቀን ነው። አረፍኩ። እዚያው ቁጭ አልኩና ጋራው ለሚወዱት ይሁን አልኩ።

ከዚያ ወርደን ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄድን። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞአ ያስተማሩበት ገዳም ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከሸዋ መጥተው የተማሩት እዚሁ ነው፤ ያን ሁሉ አገር ያቋረጡት ሜዳ ነው ብሎ ያታለላቸው ሰው ኖሮ አይመስለኝም። ቦታው ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ሴት ግን አትገባም። ሥርዓቱ ነው፣ ቅር አይለኝም። ግን የቤተሰብ መንገዳችን እዚያ ላይ ለሁለት ተሰነጠቀ። ወንዱ ቤተሰብ «አሥር ደቂቃ» ብሎ ገባ። ሴቱ ቤተሰብ ከዕቃው ጋር ዛፍ ጥላ ሥር ቀረ። ባለቤቴ ሊገባ ሲል ተመለሰና የቤቱን ቁልፍም ሰጠኝ። ከብዶት ይሆናል።

ምድጃውን አቀጣጠልኩ። አቦሉን ጠጣን። ቶናውን ጠጣን። አማቴ ዕጣኑን ጨመሩና ውሃውን እያዩ ትንሽ ሳቁ።

«አባታቸውም እንዲህ ነበሩ» አሉኝ። «ከአምባሰል ሲያመጡኝ ‹ሜዳ ነው› ብለውኝ ነው።»

በረካው ላይ ወንዶቹ መጡ። «ቡናው ደርሷል?» አሉ።

ትናንት ማታ ዋርሳዬ ደወለ። የሚቀጥለው እሑድ አርዲቦ እንሂድ ነው። አርዲቦ የሐይቅ ጎረቤት ነው፤ ውሃው ሞልቶ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ውሃ የሚወርድበትን ሰው ይወጣዋል፤ ይህን ለማወቅ ጂኦግራፊ መማር አያስፈልግም። «መንገዱስ?» አልኩት።

«አብሽሪ፣ ዝም ብሎ ሜዳ...»

እጁ አልታየችኝም። እንዳወጣት ግን እርግጠኛ ነኝ።

«ደግ» አልኩት። «እንግዲያው ጀበናውንና ምሳ ዕቃውን አንተ ትይዛለህ።»

ዝም አለ። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«እንትን...» አለ ቆይቶ፣ «ባጃጅ ይገባ ይሆን?»